የሥዕል መጽሐፍና የሕይወት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ክፍል

 

የዛሬው ንግግራችን በተለይ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የምታስተምሩ መምህራንን ይመለከታል። ይሁን እንጂ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆችም፣ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያላችሁ ብትሆኑም እንኳ፣ ጆሯችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን። ምክንያቱም ዛሬ የምንነጋገርበት መጽሐፍ ፊደል ያልለየ ሰውም ሊያነበው የሚችል ነው። እርሱም የሥዕል መጽሐፍ ነው። በሥዕል መጽሐፍ አማካይነት ለልጆች እውነተኛነትን፣ መተዛዘንን፣ ማካፈልን፣ ቁጣን መግታትን እንዴት ማስተማር ይቻላል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ነገሩ የማኮራበት አይደለም፤ ግን ይጠቅማል።

ጀማሪ መምህር በነበርኩበት ጊዜ 2ኛ ክፍል አስተምር ነበር። አንድ ቀን የአንድ ልጅ ባለቀለም እርሳሶች ጠፉ። ልጁ አለቀሰ። እኔም ተማሪዎቹን ሰብስቤ፣ «ጅብ መጣ! ጅብ መጣ!» እያለ መንደሩን ያታለለውን እረኛ ተረት ነገርኳቸው። የእረኛውንና የጅቡን ሥዕልም ከአንድ መጽሐፍ ላይ አሳየኋቸው። ተረቱን ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አያችሁ? የውሸታም መጨረሻው ይኸው ነው! በሉ አሁን የወሰደ ይናገር!» አልኩ። ክፍሉ ጭጭ አለ። አንድም የተነፈሰ ልጅ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት እርሳሶቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። «መምህር፣ ይቅር ይበሉን። ልጅቱ ሌሊት አልተኛ ብላ አስቸገረችኝ። ጅብ ይበላኛል እያለች ትባንናለች» አለችኝ። ልጅቱን ወደ ጎን ወስጄ፣ «ለምን ያን ዕለት አልተናገርሽም?» ስል ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እረኛውም እኮ መጨረሻ ላይ እውነቱን ተናግሯል፤ ግን ማንም አልመጣለትም።»

አድማጮቼ፣ እስቲ ይህን ነገር ልብ በሉት። እኔ ያስተማርኩ የመሰለኝ «አትዋሹ» የሚለውን ነበር። እርሷ የተማረችው ደግሞ «እውነት ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም» የሚለውን ነው። ተረቱን በሚገባ ሰምታለች። ሥዕሉንም በሚገባ አይታለች። ያልሰማሁት እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም አልጠየቅኋትማ!

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ከዚህ ይነሳል። የሥዕል መጽሐፍ ለልጅ የሕይወት ትምህርት የሚሰጠው መምህሩ በመጨረሻ ላይ በሚጨምረው ምክር አይደለም። ልጁ ሥዕሉን አይቶ፣ አስቦ፣ በራሱ አፍ ሲናገርና መምህሩም ሲያዳምጠው ነው።

በአገራችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። ብዙዎቻችን ለልጅ ተረት ስንነግር ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እናደርጋለን። በተረቱ እንመክራለን፤ በተረቱ መጨረሻ ባለው መከራም እናስፈራራለን። ታዲያ ማስፈራራት ልጅን እውነተኛ ያደርገዋል ወይ?

ይህን ለማወቅ በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት በሆኑ 268 ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ታትሟል። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሕፃኑ ጀርባውን ሰጥቶ ከበስተኋላው የተቀመጠውን መጫወቻ በድምፁ ብቻ እንዲያውቅ ይጠየቃል። አጫዋቹ «ዞረህ እንዳታይ» ብሎት ከክፍሉ ይወጣል። ብዙዎቹ ሕፃናት ዞረው አዩ። አጫዋቹ ተመልሶ አንድ ታሪክ ካነበበላቸው በኋላ «ዞረህ አይተሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከታሪኮቹ አንዱ ያው የእረኛው ታሪክ ነበር። ሌላው ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው የእንጨት ልጅ የፒኖኪዮ ታሪክ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአባቱን ዛፍ ቆርጦ ሳለ እውነቱን በመናገሩ ስለተመሰገነው ስለ ልጁ ጆርጅ ዋሽንግተን የሚነገረው ታሪክ ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ቅጣት ያለባቸውን ሁለቱን ታሪኮች የሰሙት ሕፃናት ስለ ውሸት ምንም የማያነሳ ተራ ታሪክ ከሰሙት የተሻለ እውነት አልተናገሩም። እውነት ተናግሮ የተመሰገነውን ልጅ ታሪክ የሰሙት ግን እውነቱን የመናገር ዝንባሌያቸው ጨመረ። የዚያኑ ታሪክ መጨረሻ ለውጠው ቅጣት ሲያደርጉበት ደግሞ ኃይሉ ጠፋ። እንግዲህ ያቺ የ2ኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው። ልጅ እውነት መናገርን የሚደፍረው እውነት የተናገረ ሰው መልካም ነገር ሲገጥመው ሲያይ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንምጣ። «ተረት በቃል መንገር ይበቃ የለም ወይ? ሥዕል ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለት ምክንያቶችን እንስጥ።

አንደኛው ምክንያት ሥዕል በክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች ሁሉ እኩል የሚያስቀምጥ መሆኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ መጽሐፍ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሥዕል ሲቀርብለት ግን ቀና ይላል። «ልጁ ተቆጥቷል! ቅንድቡን እዩት!» የሚለው ብዙ ጊዜ ያ ፊደል ያስቸገረው ልጅ ነው። ማሰብ ፊደል እስኪጠና ድረስ የሚቆይ ነገር አይደለምና።

ሁለተኛው ምክንያት ሥዕል ስሜትን የሚያሳይ መሆኑ ነው። «አዘነ» ብለን በቃል ስንናገር ልጁ ቃሉን ይሰማል። የተደፋ አንገት፣ የተጨበጠ እጅ፣ ከሌሎቹ ርቆ የተቀመጠ ሕፃን በሥዕል ሲያይ ግን ምን እንደተሰማው ራሱ መፈለግ ይጀምራል። የሌላውን ስሜት መፈለግ የመተዛዘን መጀመሪያ ነው።

በሥዕል ማስተማር ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን ከግድግዳው ላይ በዓይኑ ይከተል ነበር። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም በሸራ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ትናንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ሲሳል ኖሯል። ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው ድረስ በጣት እየተከተሉ ሊተርኩት ይቻላል። በአውሮፓም ቢሆን ኮሜኒየስ የተባለው መምህር በ1658 በኑረምበርግ ከተማ ለልጆች በሥዕል የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የእርሱም ሐሳብ ልጅ ቃሉንና ነገሩን ባንድነት ያይ ዘንድ ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት እናስታውስ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሁሉ የሥዕል መጽሐፍ አይባልም። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉ ለጽሑፉ ማጀቢያ ነው። በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግን ሥዕሉ ራሱ ይተርካል። አንዳንድ ጊዜም ጽሑፉ ያልተናገረውን ይናገራል። ጽሑፉ «ሁሉም ልጆች ተጫወቱ» ሲል በሥዕሉ ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማ ልትታይ ትችላለች። ትምህርቱ ያለው እዚያች ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ መምህሩ ጽሑፉን አንብቦ ገጹን ቶሎ ከገለበጠ ትምህርቱ አብሮ ተገልብጦ ሄደ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የማሞ ቂሎን ተረት የማያውቅ ማን አለ? በየሰፈሩ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል። ማሞ ሠርቶ ገንዘብ ያገኝና በመንገድ ይጥለዋል። እናቱ «በኪስህ መያዝ ነበረብህ» ትለዋለች። በማግስቱ ወተት ሲሰጡት በኪሱ ያፈሰዋል። እናቱ «በራስህ ላይ መሸከም ነበረብህ» ትለዋለች። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይህን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከሥዕል ጋር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 አሳትመውታል። እኚህ ሰው በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱ፣ በሐዋሳም አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ለልጆች ያደረሱ ናቸው።

ታዲያ የማሞ ተረት ትምህርቱ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ፈጠን ብለን «ሞኝ አትሁኑ» እንላለን። እስቲ ግን ልጆቹን እንጠይቃቸው፤ «ማሞ የእናቱን ምክር ሰምቷል ወይስ አልሰማም?» ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አልሰማም» ይላል። ሌላው ይነሳና «ኧረ ሰምቷል! በኪስ ያዝ ስላለችው ነው በኪሱ ያፈሰሰው» ይላል። አሁን ክፍሉ ማሰብ ጀመረ። ማሞ አልታዘዝ ያለ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ ታዛዥ ነው። ችግሩ የትናንቱን ምክር ለዛሬው ነገር መጠቀሙ ነው። ለምን በኪስ መያዝ እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም፤ እርሱም አልጠየቀም።

እኛ መምህራንም ከዚህ ተረት የምንማረው አለ። «ከዚህ ተረት የምንማረው እንዲህ ነው» ብለን ምክሩን ብቻ ያሸከምነው ልጅ እንደ ማሞ ይሆናል። ምክሩን ይዞ ይሄዳል፤ ወተት ሲገጥመው ግን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል። «አትዋሽ» የተባለው ልጅ ጓደኛውን ለማሳፈር ሲል እውነቱን በሰው ፊት ይናገርበታል። «አካፍል» የተባለው የሌላውን ልጅ ዳቦ ያካፍላል። ምክሩን ለምን እንደተባለ ያሰበበት ልጅ ግን ያልተነገረው ነገር ሲገጥመውም መንገዱን ያገኘዋል።

ልጆች የታሪክን ቁም ነገር እኛ ባሰብነው መንገድ እንደማይረዱትም በጥናት ታይቷል። በአሜሪካ በ1999 በታተመ ጥናት የሥነ ምግባር ታሪኮች ለ3ኛ ክፍል፣ ለ5ኛ ክፍልና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀርበው ነበር። ትንንሾቹ ድርጊቱን አስታውሰው ሳለ የደራሲውን ቁም ነገር ለይተው ለማውጣት በጣም ተቸግረዋል። ይህ ከልጆች ስንፍና የመጣ አይደለም፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ነግሬያቸዋለሁ» ማለት «ተረድተውታል» ማለት እንዳልሆነ እንወቅ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አላችሁ እንበል። እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

በመጀመሪያ መጽሐፉን ከአንድ ቀን በፊት ራሳችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። አንደኛውን ለጽሑፉ፣ ሁለተኛውን ለሥዕሉ ብቻ። የምትቆሙባቸውን ሦስት ገጾች ምረጡ። ከሦስት በላይ አታድርጉ፤ በየገጹ ከተቆመ ታሪኩ ይሰለቻል።

ክፍል ስትገቡ ሽፋኑን አሳዩና «ምን ይታያችኋል? ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትክክልና ስሕተት አትበሉ። ሁሉንም ተቀበሉ።

ቀጥሎ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከመረጣችኋቸው ገጾች ስትደርሱ ቁሙ። የምትጠይቁት ጥያቄ «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚመለስ አይሁን። «ልጁ ክፉ ነው አይደል?» ብላችሁ ብትጠይቁ 60 ተማሪ ባንድ ድምፅ «አዎ መምህር!» ይላል፤ አንድም ያሰበ የለም። ይልቅስ እንዲህ በሉ፤ «አሁን ምን እየተሰማው ይመስላችኋል? ከምኑ አወቃችሁ?» «ከምኑ አወቃችሁ» የምትለዋ ጥያቄ ትንሽ ናት፤ ግን ልጁን ወደ ሥዕሉ መልሳ ማስረጃ እንዲፈልግ ታደርገዋለች። ሌላው ደግሞ «አንተ በእርሱ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚለው ነው።

ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ይህ ለእኛ ለመምህራን ከሁሉም የከበደ ነገር ነው። በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ፈጣኖቹ እጃቸውን ወዲያው ያወጣሉ፤ ከኋላ የተቀመጠችው ዝምተኛ ልጅ ግን ጊዜ ትፈልጋለች። ልጁ የተናገረውንም ደግማችሁ በጥቂቱ አስፉለት። «ፈርቷል» ካለ፣ «ፈርቷል፤ ከዛፉ ጀርባ ተደብቆ የፈራው ምንድን ነው?» በሉት። በአሜሪካ በ1988 በታተመ ጥናት ወላጆች መጽሐፍ ሲያነቡ ዝም ብለው ከማንበብ ይልቅ እየጠየቁና የልጁን መልስ እያሰፉ ሲያነቡ የሕፃናቱ የመናገር ችሎታ ጎልቶ ተሻሽሏል። በቤት የሠራው በክፍልም መሞከር ያለበት ነው።

በመጨረሻም መጽሐፉን ስትዘጉ ምክር አትጨምሩ። አውቃለሁ፤ ምላሳችሁን ይበላችኋል! ቻሉት። በምትኩ «ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ክፍል ውስጥ የሚሆን ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፤ ወይም በደብተራቸው ታሪኩ ሌላ መጨረሻ ቢኖረው ምን እንደሚመስል ይሳሉ። የሳሉትን እየዞራችሁ እዩ። በአፉ ያልተናገረውን በእርሳሱ የሚናገር ልጅ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መጽሐፍ ምርጫ ጥቂት እንበል። ከላይ እንዳየነው፣ ጥፋተኛው ሲቀጣ ብቻ ሳይሆን መልካም ያደረገው ሲጠቀም፣ ያጠፋውም ሲታረም የሚያሳዩ ታሪኮችን ፈልጉ። ሌላው ጉዳይ እንስሳት ናቸው። የእኛ ተረቶች በጦጣና በቀበሮ፣ በጅብና በአህያ የተሞሉ ናቸው፤ ልጆችም ይወዷቸዋል። ሆኖም በ2017 በካናዳ ይፋ የሆነ ጥናት ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ስለ ማካፈል የሚናገር ታሪክ በሁለት መልክ አቅርቦ ነበር። በአንዱ ባለታሪኮቹ ሰዎች ናቸው፤ በሌላው ደግሞ እንደ ሰው የለበሱ እንስሳት። የሰዎቹን ታሪክ የሰሙት ሕፃናት ያላቸውን ማካፈል ሲጨምሩ የእንስሳቱን የሰሙት አልጨመሩም። ይህ ማለት ጦጣና ቀበሮን ከክፍል እናባርር ማለት አይደለም። ከጦጣዋ ወደ ልጁ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል ማለት ነው። «እንደ ጦጣዋ ያደረገ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስሙን ሳትጠሩ ንገሩን» ማለት አንዱ ድልድይ ነው።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1990 በጻፉት ጽሑፍ መጽሐፍ ለልጅ መስኮትም መስተዋትም ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። በመስኮቱ የሌላውን ኑሮ ያያል። በመስተዋቱ የራሱን መልክ ያያል። ልጆቻችን በረዶ ሲጥልና ባቡር ሲሮጥ የሚያሳዩ መጻሕፍትን ቢያዩ መልካም ነው። ነገር ግን የእናቱን ነጠላ፣ የጎረቤቱን ጎጆ፣ የራሱን ጠጉርና መልክ በመጽሐፍ ላይ አይቶ የማያውቅ ልጅ የመጽሐፉ ቁም ነገር ለሌሎች ልጆች የተጻፈ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ «መጽሐፉስ ከየት ይምጣ? 60 ተማሪ፣ አንድ መጽሐፍ እንኳ የለ!» የሚል መምህር አይጠፋም። እውነት ነው። መፍትሔዎቹ ግን ከእጃችን የራቁ አይደሉም።

መጽሐፉ አንድ ብቻ ከሆነ ተማሪዎቹን በጀማው አታፋጁ። የሚቻል ከሆነ ወደ ውጭ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር አውጥታችሁ በግማሽ ክብ አስቀምጧቸው፤ ትንንሾቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ቆመው። መጽሐፉን በደረታችሁ ቁመት ያዙና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ወይም ሌሎቹ ሲጽፉ ስምንት ስምንት ልጆችን በተራ ጥሩ።

መጽሐፍ ፈጽሞ ከሌለ ደግሞ ሥሩ። በማተሚያ ቤት የሚታተም የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። የእናንተ ግን 8 ገጽ ይበቃዋል። ሁለት ወረቀቶችን በየመሐላቸው አጥፋችሁ አንዱን በሌላው ውስጥ ብታስገቡና በመርፌና በክር በወገቡ ብትሰፉት 8 ገጽ ያለው መጽሐፍ ሆነ። ከካርቶን ሽፋን አልብሱት። ለመላው ክፍል የሚታይ ትልቅ ሥዕል ከፈለጋችሁ የተፈታ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት አጥባችሁ በከሰል ወይም በቀለም ሣሉበት። ሥዕል አልችልም አትበሉ። ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉ፤ እናንተ ታሪኩን በስምንት ክፈሉት። ሣሉት ማለት አሰቡበት ማለት ነው። የስልክ መስመር ባለበት አካባቢ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በ2014 የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የሥዕል ታሪኮች ስብስብ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች በነፃ ይገኛል፤ አማርኛም አለበት።

ቋንቋን ካነሳን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ 15 የደረሰው ሰው ማንበብን በሚናገርበት ቋንቋ ሲማር ስለሚቀለው ነው። የሥዕል መጽሐፍ በዚህ በኩል አመቺ ነው። ጽሑፉ በአንድ ቋንቋ ቢሆን ሥዕሉ በሁሉም ቋንቋ ይነገራል። ልጁ በቤቱ ቋንቋ ይተርከው፤ ልክ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ አሁን ወደ እናንተ እንመለስ። ልጃችሁ የሥዕል መጽሐፍ ይዞ ቤት ሲገባ «እኔ አላነብም» ብላችሁ አትመልሱት። አጠገባችሁ አስቀምጡትና «ይኼ ማነው? ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከፋው?» በሉት። እርሱ ይተርክላችሁ። ቡና እስኪፈላ ድረስ ይበቃል። እናንተም «እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ ነበር» ብላችሁ ጨምሩለት። ከመጽሐፉ የሚበልጠው ትምህርት ያ ነው።

ከመሰናበታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የሥዕል መጽሐፍን ጥፋተኛ ለማጋለጥ አትጠቀሙበት። ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች በተደባደቡ ማግስት ስለ ድብድብ የሚናገር መጽሐፍ አንስታችሁ ዓይናችሁን በእነርሱ ላይ ብትተክሉ መጽሐፉ ዱላ ሆነ ማለት ነው። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍን ይሸሻል። ነገሩ እስኪበርድ ቆዩ። ታሪኩ የሁሉም ይሁን። የተነካው ልጅ በባለታሪኩ ስም ስለ ራሱ ይናገራል፤ ማንም ሳያውቅበት።

ያቺን ልጅ ዛሬም አልረሳኋትም። ያን ዕለት ጅቡን ማስፈራሪያ ከማድረግ ይልቅ «እረኛው መጨረሻ ላይ እውነቱን ሲናገር ምን ተሰማው? የመንደሩ ሰዎችስ ምን ማድረግ ነበረባቸው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ በእረኛው ስም ትነግረኝ ነበር። እኔም ሰምቼ «እኔ ብሆን እሄድለት ነበር» እላት ነበር። እርሳሶቹም በዚያው ቀን ይመለሱ ነበር፤ እርሷም አራት ሌሊት ባልባነነች።

አያቶቻችን ተረት ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ምክር አይጨምሩም። ተረቱን ለሰሚው ይሰጡና ከሰሚው ይጠብቃሉ። እኛም በክፍላችን እንዲሁ እናድርግ። መጽሐፉን እንዝጋ፤ ተረቱን ልጆቹ ይመልሱልን።